የበቀለ መሣሪያ ቁጥር ሁለት

ማንአልሞሽን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስለ አፏ ነው። ምላሷ ረዥም ነው ይሏታል፤ እሷም ሰምታ ቅር አይላትም። «ስንት ዓመት ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ አሁን ተራው የኔ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ሲያትል ከገባች ጀምሮ ታክሲ ነድታለች፣ የኤርፖርት ሻትል ነድታለች፣ ጡረታ ወጣሁ ካለች በኋላ ደግሞ የከተማውን የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዛውንቶች በቫን ታመላልሳለች። ሥራዋ ሰውን በር ድረስ ማድረስ ነበር። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚያዩት ሌሎች ናቸው፤ እሷ ፓርኪንግ ውስጥ ሞተሯን አጥፍታ፣ መስታወቱ በትንፋሿ እስኪደበዝዝ ትጠብቃለች።

ሙዚየሙን ያወቀችውም እንዲሁ ስትጠብቅ ነው። ከከተማው በስተሰሜን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አለች፤ ከማረፊያዋ ዳር ደግሞ እንደ መጋዘን የሰፋ አዳራሽ። ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት አንድ ቀን ቱሪስቶች አድርሳ ስትጠብቅ ሽንት አስቸኮላት። ሽንት ቤት ፍለጋ የገባች ሴት፣ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሯቸው አውሮፕላኖች መሀል ተገትራ ቀረች። አንዷ መድፍ ክንፏ ውስጥ ተቀብሮላታል። አንዷ ጭርሱን ፕሮፔለር የላትም፣ ደምቡሼ ናት፣ በሮኬት ኃይል ነበር የምትበረው። ሰው ሳይኖርበት ራሱ በርሮ ሄዶ ከተማ ላይ የሚወድቅ ቦምብም አለ። ከሁሉም ወዲያ፣ አዳራሹ ጥግ፣ ጫፉን ለማየት አንገት ቀና ማድረግ የሚያስፈልገው ቅጠልያ ሮኬት ቆሟል። የዚያን ዕለት ተሳፋሪዎቹ ሹፌራቸውን ሲፈልጉ ዋሉ።

በሳምንቱ ትኬት ቆርጣ ተመለሰች። ከዚያም ደጋገመችው። የበጎ ፈቃድ አስጎብኚዎቹ አለቃ ዳግ ይባላል፤ ነጭ ጢም ያለው ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ጥያቄዋ ሲበዛበት «ለምን አንቺው አታስጎበኚም?» አላት። ለቀልድ ነበር ያለው። እሷ ግን የምር ወሰደችው፤ ተማረች፣ ተፈተነች፣ ስሟ የተጻፈበትን ሰደርያ ለበሰች። ዳግ ስሟን መጥራት ስላቃተው «ማና» ይላታል። መና ከሰማይ የወረደ ነው ብላ ተቀብላዋለች።

ሬንተን የምትኖረው ልጇ ሶሲ ግን ነገሩ አልገባትም። «ማም፣ ዋይ ሮኬትስ?» አለቻት፤ ያውም የጀርመን፣ ያውም የጦርነት።

«አባትሽ ፋብሪካ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል። አንቺ ለሥራሽ በአውሮፕላን ትዞሪያለሽ። ሶ እኔ ስለ አውሮፕላን ባወራ ምን ይለኛል?» አለችና ዘጋችው። ለልጇ ያልነገረቻት ሌላ ነገር ነበር። በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ሰውን ከበር አሳልፋ «ግቡ፣ ይሄን እዩ» ብላ አታውቅም ነበር። አሁን ቀመሰችው፤ ጣፈጣትም።

በእንግሊዝኛ ስታስጎበኝ ከቆየች በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላት። የማኅበሩን ሰዎች አምጥቶ በአማርኛ ማስጎብኘት፣ ያውም በየወሩ። ዳግ ስለ አውሮፕላኖቹ ዓይኑን አላሸም። ሮኬቱ ጋ ሲደርሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ሮኬቱን ተዪው፣ ማና። ባለፈው ዓመት የመጣ አንድ ቡድን እዚያ ፊት ቆሞ ሲሳሳቅ፣ አያታቸው በዚህ ሮኬት የሞቱባቸው ሴት እያለቀሱ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ እዚያ ጋ ሳቅ አልፈቅድም። በማላውቀው ቋንቋ የሚነገረውን ደግሞ መቆጣጠር አልችልም።»

«ዳግ፣ የኔ ሰዎች ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገባ ያውቃሉ» አለችው።

ዳግ ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሞክሪ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አያለሁ አላት። ቋንቋውን ባላውቅም የሰዎቹን ጀርባ አይቼ እረዳለሁ፤ ጥሩ ከሆነ በየወሩ ይሆናል፣ ካልሆነ ሮኬቱን እርሺው ሲልም ጨመረ። ማንአልሞሽ እጁን መታችው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ተብሎ የለ፤ አሁን ቃሏን የሚጠብቁላት ወይም የሚያሳፍሯት አንድ ቫን ሙሉ አዛውንቶች ናቸው።

ዳግ ከሮኬቱ ሥር የሚቆም አነስ ያለ የአማርኛ ጽሑፍም ጠየቃት። የሮኬቱ ስም «ቪ ቱ» ነው፤ ቪ በጀርመኖቹ ቋንቋ በቀል የሚለው ቃል መነሻ ፊደል ናት፤ የበቀል መሣሪያ ቁጥር ሁለት ማለታቸው ነው። ከማኅበሩ አዛውንቶች አንዷን፣ እትዬ ኣብረሀትን፣ ክሊኒክ ወስዳ ስትጠብቅ በስልኳ ጻፈችው። ስልኳ እንደ ልማዱ የቃሉን ጫፍ ሲያይ የቀረውን ራሱ ይሞላላታል። ሞላላት፤ እሷም መለስ ብላ ሳታነብ ላከችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያፈሰሰችውን አሁን እናያለን።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቢከን ሂል ሰፈር ተነስታ፣ ሌክ ሲቲ ሰፈር የቀሩትን ጭና፣ ወደ ሰሜን ነዳች። ከጎኗ የተቀመጡት ጋሽ አክሊሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ሲሆኑ ጽሑፍ አይተው ድምፅ ሳያሰሙ ማለፍ አይችሉም። የፍሪዌዩን ምልክት ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ሄዱ፤ የማስታወቂያውን፣ የጭነት መኪናውን፣ ከመኪና ኋላ የተለጠፈውን «ፍሬን ይዣለሁ» ሳይቀር። ከመጨረሻው ወንበር ላይ ደግሞ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እትዬ ኣብረሀት ተቀምጠዋል። ሰሜን ተወልደው፣ ልጆች ወልደው፣ ኋላ አዲስ አበባ ገብተው የኖሩ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ከጉዞ ቀርተው አያውቁም፤ ጉዞ ላይ ሲያወሩም የሰማቸው የለም።

አውሮፕላኖቹ ጋ ነገሩ ሁሉ ሠመረ። ማንአልሞሽ እጇን እያወናጨፈች ተናገረች፤ ሰዎቹም እንደ ሠርግ ቤት ታዳሚ እየተጋፉ አዳመጧት። ፕሮፔለር የሌላትን ደምቡሼ አውሮፕላን ሲያዩ አንዲት እናት «ይቺስ እርጉዝ ናት» አሉ። ዳግ ክንዱን አጣምሮ ከኋላ ቆሟል፤ ፈገግ ይላል። ማንአልሞሽ ልቧ በኩራት ሞላ። በየወሩ፣ አለች በሆዷ፤ በየወሩ።

ሮኬቱ ጋ ደረሱ። ከአፏ ቃል ሳይወጣ ጋሽ አክሊሉ መነጽራቸውን አስተካክለው ጽሑፉ ላይ ጎንበስ አሉና፣ ክፍል ውስጥ ያሉ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የበቀለ መሣሪያ፣ ቁጥር ሁለት።»

ቀና ብለው ሮኬቱን ከታች እስከ ላይ አዩት።

«ማንአልሞሽ፣ በቀለ ማነው?»

ማንአልሞሽ ክው አለች። ዓይኗ ጽሑፉ ላይ ተተከለ፤ በትልልቅ ፊደል፣ በሚያምር ወረቀት፣ «የበቀለ» ይላል። ስልኳ በቀልን አያውቀውም፤ በቀለን ግን ያውቀዋል። በስልኳ ውስጥ ስንት በቀለ አለ!

«ጀርመን አገር ድረስ ሄዶ ይሄን ሠራ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ቁጥር ሁለቱን እዚህ ካስቀመጠ ቁጥር አንዱ ቤቱ ነው ማለት ነው!»

«ኧረ ስም አይደለም፣ እንደ ጎመን በቀለ ማለቷ ነው። ቁመቱን አታዩም? ዝናቡ ተስማምቶት!»

አለቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ አክሊሉ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማንአልሞሽ ራሷ ናት፤ እጇን አፏ ላይ ብትጭነውም ሳቋ በጣቶቿ መሀል አመለጠ። ቀና ስትል ዳግ ክንዱን ፈትቶ ወደ እሷ እየመጣ ነው። ፈገግታው የለም።

«ማና፣ እዚህ ጋ ምን ብዬሽ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ብሎ አንገቱን ይደፋ ነበር። ማንአልሞሽ ግን ፊቷን አፍታታ ቀጥ ብላ አየችው። «የሳቁት በሙት አይደለም፣ በኔ ነው። አንድ ፊደል አበላሽቼ ሮኬቱን አቶ በቀለ የሚባል ሰው ሠራው ብዬ ጽፌያለሁ። በኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ቤትም ይሳቃል፤ ተስቆ ነው የሚለቀሰው። ትንሽ ታገሰኝ፣ ኦኬ? ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ትወስናለህ።»

ዳግ ከንፈሩን ነከሰ። ያለበት ቦታ ቆሞ ቀረ፤ ወደ ኋላውም አልተመለሰም። ማንአልሞሽ ሳቁን አላስቆመችም። ራሱ እስኪበርድ ጠበቀችና፣ በረድ ሲል፣ በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረች።

«የኔ ስህተት ነው፣ ጋሽ አክሊሉ። በቀለ አይደለም። በቀል ነው። ቂም በቀል።»

ቃሉን ማስረዳት አላስፈለጋትም። ቂም በቀል ምን እንደሆነ እዚያ ከቆሙት መሀል የማያውቅ የለም። ጋሽ አክሊሉ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ጽሑፉን ዳግመኛ አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፅ አላወጡም።

ማንአልሞሽ ያጠናችውን ትታ እንደመጣላት ነገረቻቸው። የጀርመን ከተሞች ሲደበደቡ ጀርመኖቹ እንበቀላለን ብለው ስሙን አወጡለት። ለንደን ላይ፣ አንትወርፕ ላይ ጣሉት። የሠሩት ግን እነሱ በእጃቸው አይደለም። ከየአገሩ የታፈሱ እስረኞችን ተራራ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ አስገብተው፣ እያስራቡ፣ እየደበደቡ፣ ፀሐይ ሳያሳዩ አሠሯቸው። «ይሄ ሮኬት ወድቆ ከገደለው ሰው ይልቅ ሲሠሩት የሞቱት ይበልጣሉ» አለች። «በቀሉን የተበቀሉት ምንም ባላደረጋቸው ሰው ላይ ነው።»

ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ፈረንጅ ቢሰማው ንቀት ሊመስለው ይችላል። ዳግ ግን ከማንአልሞሽ ጋር ብዙ ስለዋለ ድምፁን ለምዶታል፤ ኮፍያውን አወለቀ።

«የሚገርመው ደግሞ» አለች ማንአልሞሽ፣ «አይሰማም። ከድምፅ ይፈጥናል። መጀመሪያ ይፈነዳል፤ የመምጣቱ ድምፅ የሚሰማው ከፈነዳ በኋላ ነው። የሞተው ሰው ምንም አይሰማም።»

«እዋይ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

እትዬ ኣብረሀት ናቸው። ሰዎቹ ዞር አሉላቸው። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ሮኬቱን ያያሉ፤ ሰውን አያዩም።

«እኛ ድምፁን እንሰማ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ውሻው ይሰማል፣ ቀጥሎ እኛ። አውሮፕላኑ ገና ሳይታይ ልጆቹን አንጠልጥለን ወደ ዋሻው። አንዱን በጀርባዬ፣ አንዷን በእጄ። ያ ድምፅ አንጀቴን ይቆርጠው ነበር። ሌሊት ጭምር በሕልሜ እሰማዋለሁ፤ አሁንም እዚህ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እግሬ ብድግ ይላል። ስረግመው ነው የኖርኩት። ለካ ያ ድምፅ ነው ልጆቼን ያተረፈልኝ። እነዚህ ምስኪኖች የሚሮጡበት ድምፅ እንኳ አልተሰጣቸውም።»

የማን አውሮፕላን እንደነበር የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቀዋል፤ የገዛ አገራቸው ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ቫን ለጉብኝት ለፋሲካ ሲሄዱ ሲመለሱ፣ አንድም ቀን ተነስቶ የማያውቅ ነገር በባዕድ አገር ሮኬት ሥር ቆመ። ጋሽ አክሊሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ እሳቸው ዞሩ። የኔታ የሚባሉት፣ ለሁሉ ነገር ቃል የማያጡት ሰው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«እህቴ» አሉ፣ «ይቅር ይበሉን።»

«እግዜር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አሉ እትዬ ኣብረሀት። ከዚያም ነጠላቸውን አወረዱና አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለበሱት። ሌሎቹም ሴቶች አዘቀዘቁ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። «ነፍስ ይማር» አሉ ጋሽ አክሊሉ፤ «ለወደቀባቸውም፣ ለሠሩትም፣ ለኛዎቹም።» ስማቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች አባታችን ሆይ ተደገመ። ማንአልሞሽ እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ሰዎቹ ወደ መውጫው ሲያመሩ ዳግ ክንዷን ያዝ አደረጋት። «ያቺ ሴት ምን አለች?» ማንአልሞሽ ቃል በቃል ነገረችው። ውሻውን፣ ዋሻውን፣ በጀርባ ያለውን ልጅ። ዳግ ዞር ብሎ ሮኬቱን አየው። ስለዚህ ሮኬት ፍጥነት ለሰው ሲነግር የኖረ ነው፤ ፍጥነቱን አንድ ሰው እንደዚያ ሲሰማው አይቶ አያውቅም።

«በየወሩ ይሁን» አላት በመጨረሻ። «ሮኬቱም ጭምር። ግን እዚህ ጋ እሷ ትናገር። አንቺ አይደለሽም፣ ማና። እሷ።»

የተመኘችውን አገኘች፤ ከመሀሉ ግን ዋናው ተወሰደባት። ልዋሽላት አልችልም፤ ቅናት ወጋ አደረጋት። አውሮፕላኖቹን ማንም ያስጎበኛል፤ እሷ የፈለገችው ሮኬቱን ነበር። ለሮኬቱ ነው ከዳግ ጋር የተሟገተችው።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ቫኑ ውስጥ እንግዳ ነገር ሆነ፤ ማንአልሞሽ አላወራችም። ጋሽ አክሊሉ እንኳ ምልክት ማንበባቸውን አቋርጠው «አሞሻል እንዴ?» አሏት። ደህና ነኝ አለች። ሌክ ሲቲ አራገፈች፤ ጋሽ አክሊሉንም ቤታቸው አደረሰች። ቢከን ሂል፣ እትዬ ኣብረሀት አፓርትመንት በር ላይ ፓርክ ስታደርግ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሞተሩን አጠፋችና የዳግን መልእክት ነገረቻቸው።

«እኔ?» አሉ እትዬ ኣብረሀት። «ሰው ፊት? ኧረ ልጄ፣ እኔ ይሄን ለወለድኳቸው እንኳ አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ከየት እንደወጣ እንጃ። አንቺ አፍ አለሽ፣ አንቺው ንገሪልኝ።»

ይኸው። በራሳቸው አፍ ሰጧት። «እሺ» ቢባል ነገሩ ያልቃል፤ ዳግስ እምቢ አሉ ቢባል ምን ያደርጋል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማንአልሞሽ ግን ምላሷን ዋጠች፤ ይሄ በሕይወቷ ስንተኛዋ እንደሆነ ባላውቅም ብዙ አይደለም።

«እትዬ፣ እኔ ስናገረው ወሬ ነው» አለች። «እርስዎ ሲናገሩት ዋሻው ታየኝ። እዚያ ሮኬት ፊት ስንቴ ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ ነው የፈራሁት።»

እትዬ ኣብረሀት በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። አንድ አውሮፕላን ወደ ኤርፖርቱ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ እጃቸው የቦርሳቸውን እጀታ ጨበጠው፤ እስኪያልፍም አልለቀቁትም።

«አንቺ የት ትሆኛለሽ?» አሉ።

«እርስዎ በፈለጉበት።»

«ከፊቴ አትቁሚ። ፊትሽን ካየሁ አለቅሳለሁ። ከኋላ ሁኚልኝ።»

በወሩ የመጣው ሰው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ሶሲም ከሬንተን መጥታለች። ማንአልሞሽ አውሮፕላኖቹን እንደ ልማዷ እጇን እያወናጨፈች አስጎበኘች። ሮኬቱ ጋ ሲደርሱ ንግግሯን አቆመች፤ ሰዎቹን ከፍላ፣ እትዬ ኣብረሀትን በክንዳቸው ይዛ ወደ ፊት አቀረበቻቸው። ከዚያ በሰዉ መሀል አልፋ ወደ ኋላ ሄደችና ከዳግ ጎን ቆመች።

እትዬ ኣብረሀት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሮኬቱን እያዩ ቆዩ። ማንአልሞሽ መናገር አማራት፣ ግን አልተናገረችም።

«እኔ ኣብረሀት እባላለሁ» አሉ እትዬ ኣብረሀት። «ከሰማይ ከሚመጣ ሞት ሮጬ አምልጫለሁ። እነዚህ አላመለጡም፤ ስለዚህ ስለ እነሱ እኔ እናገራለሁ።»

ማንአልሞሽ ወደ ዳግ ጆሮ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ መተርጎም ጀመረች።